በሞቴ፣ አንድ ጠብታ

ነጂብ ሳይክሉን አጥቦ አያውቅም። ገንደ ጋራ ሰፈር ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ሳይክሉ አንበሶ ራሱ ግን ቢጠየቅ ትንፍሽ አይልም። አንድ ጊዜ ከባትሪው ሳጥን ሥር ዶሮ ገብታ እንቁላል ጥላ ነበር። ከእንቁላሎቹ አንዱ እዚያው ተፈልፍሎ፣ ጫጩቱ የፍሬኑን ገመድ ትል መስሎት ሲጎትት ያዩ አሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የኋላ ጎማው መሸፈኛ ላይ ከተከመረው አቧራ ውስጥ የቲማቲም ችግኝ ብቅ አለች። ነጂብ ችግኟን "ጎሽ" ብሎ ውኃ አጠጣት። ውኃው ወደ ሳይክሉ እንዳይፈስ ግን ተጠንቅቋል፣ ያልለመደውን እንዳያስለምደው።

ጠዋት ጠዋት ኮርቻው ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ ደንቡ እንደሚያዘው፣ "እንዴት ነህ አንበሶ?" ይለዋል።

"ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንተስ? ሰዓዳስ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

የዕለቱ ጥገና በዚህ ያበቃል። ነጂብ ከበረዶ ፋብሪካው በረዶውን ጭኖ፣ ሳይቀልጥ ለማዳረስ በየቤቱ ሲሮጥ ይውላል።

ያኔ መኪና ማለት ለሠርግ ብቻ ከሙዚየም የሚወጣ ዕቃ ሆኗል፤ ድሬዳዋ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ በኤሌክትሪክ ሳይክል ነው የምትሄደው። ሳይክሎቹ መጀመሪያ ሲመጡ እንዲህ ጨዋ አልነበሩም። ያመማቸውን በቀጥታ ነበር የሚናገሩት። ታዲያ አንድ የተከበሩ አዛውንት ለልጃቸው ሚስት ሊጠይቁ ሄደው፣ ገና ከደጅ ሰላምታ ሲለዋወጡ፣ ሳይክላቸው በባለቤቶቹ ፊት "ክብደትህ ለኋላ ጎማዬ ከልክ በላይ ነው፤ ሰንሰለቴም ከተገዛሁ ጀምሮ አልታጠበም" አለቻቸው። ጋብቻው በዚያው ቀረ። ከተማው ተቆጣ። የሳይክል ጽሕፈት ቤቱም አቤቱታውን ሰምቶ ለሳይክሎቹ የአገሩን ንግግር አስተማራቸው። ያስተማራቸው ከእኛው ነው፤ በየለቅሶው፣ በየሠርጉ፣ በየበረንዳው ሰው ሲጋበዝ ምን እንደሚል፣ ሲታመም ምን እንደሚል እያደመጡ ተማሩ።

ሳይክሎቹ ጎበዝ ተማሪዎች ነበሩ። ክረምቱ ሳይወጣ ይሉኝታ ያዛቸው። ጎማዋ የተነፈሰ "ደህና ነኝ" ትላለች። ፍሬኑ የተበጠሰ "ይመስገን" ይላል። መንገድ ዳር በጎኗ ወድቃ የተገኘች አንዷ "ትንሽ ጋደም ብዬ ነው" ብላለች። ሰዎች "ይመስገን" እየተባሉ ከቁልቁለቱ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ሲገቡ ጽሕፈት ቤቱ መላ ፈለገ። መላው ሩቅ አልነበረም። ስለ ራሱ የማይናገር ሳይክል፣ ስለ ጎረቤት ሳይክል ሲጠየቅ ባትሪው እስኪግል ያወራል። ስለዚህ ዓመታዊው ምርመራ ላይ ስለ አንተ አያያዝ የሚመሰክረው የጎረቤትህ ሳይክል ሆነ። ምስክርነቱ ካላማረ ሳይክልህ ይወሰድና ለዚያው ጎረቤት ይሰጣል፤ አንተ እግረኛ ትሆናለህ።

እግረኛን የከለከለ ሕግ የለም። የመንገድ መብራቶቹ ግን አያዩትም፤ አረንጓዴ የሚበራው ለጎማ ነው። ከዚራ መስቀለኛው ላይ ለመሻገር ቆሞ ጢም ያበቀለ ሰው አለ ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ጸባዩ አማረ። ባልና ሚስት ሲጣሉ መታጠቢያ ቤት ገብተው ቧንቧ ይከፍታሉ። የጎረቤት ሳይክል ስታልፍ ሁሉም ከመቀመጫው ብድግ ይላል። የራሱን ሳይክል አቧራ አልብሶ የጎረቤቱን የሚወለውል ሞልቷል። ያም የዚህን ይወለውላል። እንዲህ በመተማማት ሁሉም ንጹሕ ሆነ፣ ከአንበሶ በቀር።

የነጂብ ጎረቤት እትዬ አመለወርቅ ናቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሲስቁ እንኳ ማን እንዳሳቃቸው አጣርተው የሚስቁ ሴት። ሎሚ የምትባል ሳይክላቸውን በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ ያሻሉ፣ ሰንሰለቷን በብሩሽ ይፈቀፍቃሉ፣ ነጠላቸውን አልብሰው ያሳድራሉ። ችግሩ ነጂብና ሎሚ መቀያየማቸው ነበር። አምና ሥራ ፈትቶ ሳለ ወደ ሎሚ ጠጋ ብሎ "እትዬ በቅሎ ሊገዙ ነው" አላት። ሎሚ ለማንም አልተናገረችም፤ ብቻ ባትሪዋ አልሞላ አለ። እትዬ አመለወርቅ ምክንያቱን ደርሰውበት፣ እጃቸውን ኮርቻዋ ላይ ጭነው በቁልቢው ገብርኤል እስኪምሉላት ድረስ አልተነሳችም።

ሐሙስ ምሳ ላይ ሰዓዳ ለባሏ ውኃ እየቀዳች "ነገ የምርመራው አርብ ነው" አለችው።

"አውቃለሁ።"

"ምስክርህ ሎሚ ናት።"

"አውቃለሁ አልኩሽ እኮ፣ አቦ።"

"በቅሎዋንም ታውቃለህ።"

ነጂብ ጎረሰ።

"አንበሶን ከወሰዱት በረዶውን በጭንቅላትህ ነው የምትሸከመው? ፋብሪካው ደጃፍ ጭነህ እዚህ ስትደርስ የምትሸጠው ላብህን ነው። እኔ ደግሞ የእግረኛ ሚስት ሆኜ መብራት አልጠብቅም፤ አወዳይ እናቴ ጋ ነኝ።"

ሰዓዳ ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ አሁን በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። ነጂብ ተነሳ።

ከቀትር በኋላ ድሬ ትተኛለች። ሙቀቱ ከመንገድ ሰው ይጠርጋል፤ ውሻው፣ ዘበኛው፣ መብራቱ ሁሉ ያንቀላፋል። ነጂብ ያኔ አሮጌ ጨርቅ፣ ከመታጠቢያ ቤት ያነሳትን የጥርስ ብሩሽና ጽሕፈት ቤቱ ለየቤቱ የሚያድለውን የዘይት ጣሳ ይዞ አጥር ተሻገረ። ጣሳው ተከፍቶ አያውቅም። ሎሚ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተደግፋ ነበር።

"ደህና ዋልሽ ሎሚ።"

"ይመስገን። እንዴት ነህ? ሰዓዳ ደህና ናት? አንበሶስ?"

"ሁሉም ደህና። ላጥብሽ ብዬ ነው የመጣሁት።"

"ኧረ አትቸገር፤ ጠዋት ታጥቤያለሁ።"

"ምን ችግር አለው፣ ጎረቤት አይደለን?"

እውነት ለመናገር ነጂብ አሳምሮ አጠባት። እርጥቡን ጨርቅ ጨምቆ ጨምቆ ባትሪዋ አጠገብ ጠብታ ሳያደርስ፣ የጎማዋን ሽቦዎች አንድ በአንድ፣ የሰንሰለቷን መጋጠሚያ ሁሉ በጥርስ ብሩሹ እየገባ። ሲሠራ ያፏጭ ነበር። ይህን ያህል ደስ የሚል መሆኑን ቢያውቅ ለአንበሶም ባደረገው። ከዚያ ጣሳውን ከፈተ።

"ይኸውልሽ፣ ትንሽ ቅመሺ።"

"አይ ይብቃኝ። እትዬ ትናንት አጥግበውኛል።"

"አንድ ጠብታ።"

"አልችልም፣ ሙት።"

"በሞቴ።"

"ኧረ አትማል።"

"በሰዓዳ ሞት።"

ሎሚ ተሸነፈች። "እሺ፣ አንድ ብቻ።"

አንዱን ሰንሰለቷ ላይ አንጠባጠበ። "አሁን በአንድ አሰናብቼሽ ልሂድ? ጠላትሽ ነኝ እንዴ?" ብሎ ሁለተኛውን ደገመ። ሦስተኛውን እምቢ ስትል ጨርቁን መሬት ጥሎ የተቀየመ መሰለ፤ ሎሚ ደነገጠች፤ ሦስተኛውንም ተቀበለች። ከዚያ ሰንሰለቷ አልይዝ ሲል ዓይኑ የፊት ጎማዋ ላይ፣ ፍሬኑ የሚቆነጥጣት ያቺ ክብ ብረት ላይ አረፈ። የፍሬን ዲስክ ደረቅ መሆን እንዳለበት ድሬ ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ነጂብ ግን ያን ትምህርት ሲሰጡ ከክፍል የጠፋ ሰው ነው፤ ለእሱ ብረት ሁሉ ዘይት የሚጠማው ነው።

"እዚችጋስ?"

"እዚያ እንኳ..." ሎሚ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እዚያ ብዙም አይስማማኝም መሰለኝ።"

"ይሉኝታሽን ተይው። የእኔ ቤት ጣሳ ጎደለ ብለሽ ነው?"

"ኧረ እንደሱ አይደለም።"

"በሞቴ እኮ ነው ያልኩሽ።"

ነጂብ የፊቱንም የኋላውንም ዲስክ እንደ መስታወት እስኪያበሩ ቀባቸው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች ሎሚ በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

አርብ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ሳይክሉን ይዞ ወጣ። ጽሕፈት ቤቱ የምርመራ ጣቢያውን ቁልቁለቱ ግርጌ የሠራው አውቆ ነው። ፍሬኑ የማይዝ ሳይክል መርማሪው ጠረጴዛ ጋ ሳይቆም ያልፋል፤ ከጠረጴዛው ጀርባ የደቻቱ ግንብ ነው፤ ከግንቡ ማዶ የወንዙ ድንጋይ። በዚህ መንገድ ምርመራው ራሱን በራሱ ይሠራል፣ ወረፋም ይቀንሳል።

እትዬ አመለወርቅ ከፊት ነበሩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ነጂብ ሰዓዳን ከኋላው አፈናጥጦ ተከተለ።

"ደስ ብሎሃል" አለችው።

"ምን ጎደለኝ? ሎሚን ትናንት ድግስ ደግሼላታለሁ። አበላኋት በይ፣ ዘይት በዘይት አድርጌ።"

"የት የቷን?"

"ሰንሰለቷን፣ ፔዳሏን። ያቺን ክቧን ብረትማ በተለይ።"

ሰዓዳ "ዲስኩን?" አለች።

"ታበራለች ስልሽ።"

"ነጂብ። ዲስክ ዘይት ካየ ፍሬን አይዝም።"

እትዬ አመለወርቅ ያኔ የቁልቁለቱ አፍ ላይ ደርሰው ነበር። ነጂብ አንበሶን አቆመ። ሰዓዳ ወረደች፣ ዓይኗን ግን ከእሱ ላይ አላነሳችም። እሱም ማሰቡ አልቀረም። ተጣርቶ ቢያቆማቸው ምስክር በዘይት መደለሉን በሰፈሩ ፊት ሊናዘዝ ነው፤ ምስክር ለደለለ ደግሞ ቅጣቱ እግረኝነት ነው። ዝም ቢል ምስክሯ ደቻቱ ትገባለች፤ ምስክር የሌለው ምርመራ ለከርሞ ይተላለፋል። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ እንዴት ቶሎ እንደመጣለት ሲያየው ጀርባውን በረደው፣ በዚያ ሙቀት። የእትዬ አመለወርቅ ነጠላ ቁልቁል ሲወርድ አየ። አንበሶን ረገጠው።

"ፍሬንህ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀው በሩጫው ላይ።

"ይመስገን" አለ አንበሶ።

መሃል ቁልቁለት ላይ ደረሰባቸው። እትዬ አመለወርቅ የፍሬኑን እጀታ እየጨበጡ እየለቀቁ፣ "ይቺ ልጅ ዛሬ ምን ነካት?" ይላሉ።

"ሎሚ፣ ፍሬንሽ አልያዘም አይደል?"

"ደህና ነኝ፣ ይመስገን" አለች ሎሚ እንደ ጥይት እየወረደች። "ሰዓዳ ጠዋት ስትወጣ አላየኋትም፣ ደህና ናት?"

"እትዬ፣ ዘይት ነው! ዲስኩን ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ!"

ነፋሱ ቃሉን ከአፉ ነጥቆ ወሰደው፤ ለሌላ ሰው አልተሰማም። እትዬ አመለወርቅ ግን ሰሙ፤ አንገታቸውን ዘወር አድርገው አዩት። ነጂብ በዚያ ዓይን ከመታየት ደቻቱን ይመርጥ ነበር።

ከፊታቸው ሄዶ በአንበሶ ገላ ሊያቆማቸው ቀደመ። መንገዱን አቋርጦ የሚያልፈውን ጉብታ ግን አላየውም። አንበሶ ጉብታውን ሲመታ ወደ ላይ ነጠረ፤ ሲያርፍ፣ ስንት ዓመት የተሸከመው አቧራ ባንዴ ከላዩ ተነሳ። ያየ ሰው እንደሚምለው ፀሐይ ጠፍታ የመንገድ መብራቶቹ በቀን በሩ። አቧራው፣ የዶሮዋ ጭድ፣ የቲማቲሟ ሥር፣ ሁሉም ሎሚ ላይ ወረደባት። ዘይት የጠገበው ዲስኳ አፈሩን ጠጣ፤ ጠጥቶም ረጋ። ፍሬኑ ነከሰ። ሎሚ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው እየጮኸች ሄዳ፣ የፊት ጎማዋ የመርማሪውን ጠረጴዛ ሲነካ ቆመች።

አቧራው ሲጠራ የታየው ነገር ያስቅ ነበር፣ የሚስቅ ቢገኝ። አንበሶ ከፋብሪካ ዛሬ የወጣ መስሎ ያበራል። ሎሚ ከላይ እስከ ታች አቧራ ናት፣ ነጭ የዶሮ ላባ መሪዋ ላይ ሰክታ።

መርማሪው ኦብሳ ከጥርጣሬና ከሙቀት የተሠራ ሰው ነበር። አንበሶን ዞሮ አየው፤ በጣቱ ነካው፤ ጣቱን አየ። ወደ ሎሚ ዞሮ "የነጂብን አያያዝ መስክሪ" አላት።

"ደግ ሰው ነው። እጁ አያጥርም።"

"አልፏል" አለ ኦብሳ ጠረጴዛው ላይ ላለው መዝጋቢ ማሽን። ከዚያ በእትዬ አመለወርቅ ላይ አፈጠጠ። "የእርስዎ ግን ጠረጴዛዬን ገጭታለች። ዲስኳ ዘይት ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ጎረቤትዎ ይረከባታል።"

ጎረቤቱ ነጂብ ነው። ሁለት ሳይክል ሊኖረው ነው፤ ድሬ ውስጥ ያን ያህል ሀብታም አልነበረም።

እትዬ አመለወርቅ ነጠላቸውን ከአቧራው አነሱ። "በቁልቢው፣ ዲስኳን ዘይት አስነክቼ አላውቅም" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ነጂብን አላዩትም። ጫማቸውን ነበር የሚያዩት፤ ከአሁን በኋላ የሚሄዱበት እሱ ነው።

ሰዓዳ ቁልቁለቱን በእግሯ ወርዳ ያኔ ደረሰች።

"እኔ ነኝ የቀባኋት" አለ ነጂብ።

"ነጂብ፣ ዛሬ ቀልድ አልፈልግም" አለ ኦብሳ። "አምና በረዶው ውስጥ አዞ አለ ብለህ ሰፈሩን ከቤት ያስወጣኸው አንተ ነህ።"

"ወላሂ እኔ ነኝ።"

"ብትሆንስ? የሰው ምስክርነት ከተውን ቆየን።"

"እሷን ጠይቃት።"

ኦብሳ ተነፈሰና ሎሚን ጠየቃት።

"ነጂብ? አይ፣ እሱ እንኳ ምንም አላደረገኝም" አለች ሎሚ። ያበላትን አሳልፋ ልትሰጥ ነው እንዴ?

ነጂብ አቧራው ላይ ተንበረከከ፣ አፉን ወደ መሪዋ አስጠግቶ። "ሎሚ፣ ተናገሪብኝ።"

"ምን ብዬ? ደግ ነህ።"

"በሞቴ።"

"ኧረ አትማል።"

"በሰዓዳ ሞት። አንድ ቃል ብቻ።"

ወረፋ የያዙት ሁሉ ወደ ፊት ሰገግ አሉ። "እሺ" አለች ሎሚ፣ "አንዲት ነገር ብቻ። ዲስኬን አይስማማኝም ብዬው ነበር።"

ሁለተኛዋ በቅሎዋ ነበረች። ሦስተኛዋ ዶሮዋ። ከዚያ ወዲያ ያቆማት አልነበረም፤ ቲማቲሙን፣ አዞውን፣ አንበሶ መጠለያ ሳያገኝ ያደረባቸውን ክረምቶች፣ የጥርስ ብሩሹ የማን እንደሆነ ሳይቀር። ሎሚ እዚያ ላይ ስትደርስ ሰዓዳ ጥርሶቿን በምላሷ ዳሰሰች። የኦብሳ ማሽን ግሎ መጥፋት ጀመረ፤ ከፋብሪካው በረዶ አስመጥተው፣ በዚያ እያቀዘቀዙ አስጨረሱት።

ሎሚ ለእትዬ አመለወርቅ ተመለሰች። አንበሶም ለእሳቸው ተሰጠ። ነጂብ እግረኛ ሆነ።

ሰዓዳ አወዳይ አልሄደችም። እናቷ ጋ ለመሄድ ሳይክል ያስፈልጋል፤ ሳይክል ከተገኘ ደግሞ እሷ አወዳይ ስትደርስ በረዶው ይቀልጣል። አንበሶን ከእትዬ አመለወርቅ እየተዋሰች በረዶውን እሷ ታመላልሳለች፤ ነጂብ መስቀለኛው ላይ መብራት ሲጠብቅ ታልፈዋለች፣ አንዳንዴ ደወል ትደውልለታለች። ጢሙ መልኩን ለውጦታል።

እትዬ አመለወርቅ አንበሶን ሲያውሱ አንዲት ነገር ጠይቀው ነበር፦ ቀትር ላይ ከተማው ሲተኛ ነጂብ መጥቶ ያጥበዋል። የዘይት ጣሳውን የሚይዙት ግን እሳቸው ናቸው፣ በሁለት እጃቸው፣ ጭናቸው ላይ።

በመጀመሪያው ቀን ከኒሙ ሥር ቁጢጥ ብሎ እንደ ልማዱ ጀመረ።

"እንዴት ነህ አንበሶ?"

"ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንተስ?"

ነጂብ ጨርቁን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። እትዬ አመለወርቅ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጁን መለሰ።

"እውነትህን ነው?"

"ደህና ነኝ እኮ።"

"በሞቴ፣ አንበሶ።"

ኒሙ ቅጠል አራገፈ። ሎሚ ከወዲያ ጥግ የምትሰማ እንዳትመስል መሪዋን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"ግራ ፔዳሌን ያመኛል" አለ አንበሶ።

ነጂብ ፔዳሉን በእጁ አዞረው። አንድ ቦታ ላይ ይዞ ቀረ፣ ከዚያ እየተንቋቋ ለቀቀ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ቲማቲሟ ሳትበቅል።"

"ታዲያ በየቀኑ ስጠይቅህ ምነው ዝም አልክ?"

"አንድ ጊዜ ጠይቀህ እኮ ነው የምትወጣብኝ" አለ አንበሶ።